ክኒን አይቀየምም

ነሐሴ በገባ ሰሞን ነው። ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ የሚወርደው አውቶቡስ አይከልን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጭጋጉ ከመስኮቱ ላይ ተገፈፈና የቆላው ወበቅ ገባ። ተሳፋሪው ሹራቡንና ጋቢውን እያወለቀ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ዘሀቢያ ግን የተከናነበችውን የሱዳን ቶብ አላላላችም። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ፣ የቱንም ያህል ቢሞቃት፣ በሰው ፊት ከደረቷ ላይ ልብስ ገለጥ አድርጋ አታውቅም።

አጠገቧ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አመድማ ሒጃብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ከጎንደር ከተነሡ ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። ዘሀቢያ ዝምታን ለምዳዋለች። ልጅቷም ገና ስትፈጠር ዝምተኛ ሆና የተፈጠረች ትመስላለች፤ ረዳቱ የብር መልስ ሲሰጣት እንኳ አንገቷን ደፍታ ነው የተቀበለችው። አንድ ጊዜ ስልኳ ጠራና በሹክሹክታ፣ “አዎ፣ ነገ መድኃኒት ክፍል እገባለሁ” ስትል ዘሀቢያ ሰማቻት።

ሰማችና አሰበች። አስባም ዞር አለች።

“የኔ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው?”

“አዎ እናቴ። ፋርማሲ ተምሬ ዘንድሮ ገንዳ ውሃ ተመደብኩ። ገና አዲስ ነኝ።”

“አገርሽስ?”

“የሽንፋ ልጅ ነኝ። ሩፊዳ እባላለሁ።”

“ማሻአላህ። እንግዲያው አላህ ያገናኘን ለዚህ ነው።” ዘሀቢያ ከቶቧ ሥር የላስቲክ ከረጢት አወጣችና በልጅቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። “እነዚህን ክኒኖች ለምትቸገር ሴት ስጪልኝ። እሽጋቸው አልተከፈተም። እኔ ትቻቸዋለሁ።”

ሩፊዳ ካርቶኑን አገላብጣ ስሙን አነበበች። ፊቷ ተለወጠ። ግራና ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“እትዬ፣ ይህ እኮ… የጡት ሕክምና መድኃኒት ነው።”

“አውቃለሁ እንጂ! ጡቴን ነው የቆረጡት፣ ራሴን አልቆረጡትም።”

ልጅቷ ፈገግ ልትል ፈልጋ ተወችው። “ታዲያ ማን ተዉት አለዎት?”

“ደሜ። ዛሬ ደሜን ቀድተው አዩና ቅባት በዝቶብሻል አሉኝ። ኮሌስትሮል። ዶክተሩም፣ ‘ይህ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል’ አለኝ። ሌላም ብዙ ነገረኝ። ግን ከኋላዬ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ እኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው ያቺ ብቻ ናት። በደም ውስጥ ያለ ቅባት ልብን ድንገት ያቆማል ይባላል። ከአንዱ ሞት ሸሽቼ ሌላው ሞት ቤት ልደር እንዴ?”

ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ጆሮው እንደ ወንፊት ነው፤ ዱቄቱን ያሳልፍና ገለባውን ያስቀራል። ዘሀቢያም ከሐኪሙ ቃል ውስጥ የሚያስፈራውን ይዛ የሚያድነውን እዚያው ጥላ ነበር የወጣችው።

ሩፊዳ ከረጢቱን ለመመለስም ለመያዝም አልደፈረችም። ለማታውቀው ሰው ረጅም ነገር መናገር ሁልጊዜም ያስጨንቃታል። ግን አውቶቡሱ ገንዳ ውሃ ሲደርስ ይህች ሴት ወርዳ ትሄዳለች፤ መድኃኒቱም በሩፊዳ ጉልበት ላይ ይቀራል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

“እትዬ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ሲያለሙ አይተዋል?”

“አይተዋል ወይ ትይኛለሽ? ባሌ፣ አላህ ይርሐመውና፣ የውኃ ፓምፕ ነበረው። ዕድሜዬን ሙሉ ቦይ ስዘጋና ስከፍት ነው የኖርኩት።”

“እንግዲያው ከኔ የበለጠ ያውቁታል። የእርስዎን በሽታ አረም ነው እንበለው። ውኃው ደግሞ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። አንዳንዱ የጡት ካንሰር ያን ውኃ እየጠጣ ነው የሚያድገው። ቀዶ ሕክምናው አረሙን ነቀለ፤ ሥሩ ግን የት እንደተደበቀ አይታወቅም። ስለዚህ ቦዩ መዘጋት አለበት። ይህች ክኒን የቦዩ መዝጊያ ናት።”

“እሺ።”

“ነገር ግን ያው ውኃ ሽንኩርቱንም ያጠጣ ነበር። ኢስትሮጅን ጉበት መጥፎውን ቅባት ከደም ውስጥ እንዲያነሣ ያግዘዋል። ቦዩ ሲዘጋ ያ እገዛ ይቀንሳል። ቅባቱ ከፍ ሊል የሚችለው በዚህ ነው።”

“እኮ! እኔስ ምን አልኩ?”

“ታዲያ ሽንኩርቱ ጠወለገ ብለው ቦዩን ይከፍቱታል? ቀድሞ የሚጠጣው እኮ አረሙ ነው። ሽንኩርቱን በጣሳ እየቀዱ ማጠጣት አይሻልም?”

ዘሀቢያ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። ከመንገዱ ዳር የሰሊጡ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ለአረም የወረዱ ደገኞች በመስመር ጎንበስ ብለው ይታያሉ።

“ጣሳው ምንድን ነው?” አለች በመጨረሻ።

“አመጋገብ ነው። እንቅስቃሴ ነው። በዚያ ካልወረደ ደግሞ ቅባቱን ለብቻው የሚቀንስ ሌላ ክኒን አለ፤ ሐኪሙ አይቶ ያዛል። ዛሬም ሳይነግሩዎት አልቀሩም።”

“ስለ መራመድ የሆነ ነገር ብሏል መሰለኝ።” ዘሀቢያ ትንሽ አፈረች። “ግን እኮ በፊት ሌላ ክኒን ነበረች የምወስደው። እሷ እያለች አንድም ቀን ስለ ቅባት አልተነሣብኝም።”

“ታሞክሲፌን ነበረች?”

“እሷው።”

“እሷ መጥፎውን ኮሌስትሮል ትንሽ ዝቅ የማድረግ ጠባይ አላት። ሌላ ዓይነት ቅባት ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ትጨምራለች፤ እሷም ነቀፋ አያጣትም። ይህች አዲሷ ያን ጥላ አትሰጥም። ጥላው ሲነሣ ፀሐዩ ታየ ማለት ነው። ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በክኒኗ ላይ አንጫነው። ዕድሜ አለ፤ የወር አበባ መቆም አለ።” ሩፊዳ ዓይኗን ወደ ጫማዋ ጣለች። “ምግብዎስ? ቅባት ያዘወትራሉ?”

ዘሀቢያ አውቶቡሱ ኩርባውን ሲዞር እጇን በፊቷ ወንበር ላይ አሳረፈች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነበር።

ዘሀቢያ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከሱቋ ጀርባ ባለው ቤት ብቻዋን ነው። አንድ ልጇ ኡመይር ለንግድ ገዳሪፍ ተሻግሮ እዚያው ቀረ፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ድምፁም በኔትወርክ ፈቃድ ሆነ። “ደህና ነኝ ኡሚ” ይላል፤ ከዚያ ይቋረጣል። የታመመች ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ መጥተው ነበር። ቆይቶ ግን አንዷ “ይጋባል ይላሉ” አለች፤ ሌላዋ የቀረበላትን ውኃ ሳትጠጣ ተነሣች፤ ብዙዎቹ ደግሞ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን የሚሉት ጠፍቷቸው ቀሩ። አሁን ስኳርና ሻይ ከሱቋ ይገዛሉ፤ ከደጅ ቆመው ገዝተው ይሄዳሉ።

ያልቀረችው ታንጉት ብቻ ናት። ታንጉት በወጣትነቷ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዳ፣ ትራክተር ነጂ አግብታ፣ ከዘሀቢያ ጓሮ ኋላ በሽመል አጥር ተለይታ የምትኖር ክርስቲያን ናት። በአገሩ ልማድ ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ታንጉት ለታመመች ወዳጇ መረቅ ላምጣ ብትል አትችልም። አጥሩን ያለ ጥያቄ የሚሻገር ምግብ ቅቤ ነው። ስለዚህ ታንጉት ቅቤ ታመጣለች፤ በገንፎው ጉድጓድ ሞልቶ የሚፈስ፣ በአጥሚቱ ላይ የሚንሳፈፍ፣ በጨጨብሳው የሚንጠባጠብ። ዘሀቢያም ትበላለች። ታንጉት አጠገቧ ተቀምጣ “ጨርሽው እንጂ” እያለች ታያታለች። በቀኑ ውስጥ ያለው የሰው ድምፅ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገረቻት። ስታበቃም እንዲህ አለች፦

“ይኸውልሽ ልጄ፣ ክኒን አይቀየምም። ብተዋት አጥር ዘላ መጥታ ‘ምነው ተውሽኝ’ አትለኝም። ታንጉትን ግን ‘ቅቤሽን ውሰጂ’ ካልኳት ትቀየማለች። እሷ ከቀረች ማን ሊመጣልኝ ነው?”

ሩፊዳ ከረጢቱን በሁለት እጇ ይዛ በዘሀቢያ ጉልበት ላይ መለሰችው።

“እሑድ ሥራ የለኝም” አለች፣ ቃሉ በግድ እየወጣላት። “ብመጣ… እኔም ለከተማው እንግዳ ነኝ። የማውቀው ሰው የለኝም። እስከዚያ ድረስ ክኒኗን ይውሰዱ። እስከ እሑድ ብቻ።”

ዘሀቢያ በጎን አየቻት። ወጣት፣ የተማረች፣ ደመወዝ ያላት ልጅ ናት፤ ግን ብቸኛን ብቸኛ ያውቀዋል።

“እስከ እሑድ” አለች።

እሑድ ዕለት ሩፊዳ መጥታ ገና ውኃ ሳትጠጣ፣ የጓሮው በር ተንኳኳና ታንጉት ገባች። ነጠላዋን እንዳጣፋች ነው፤ ከቅዳሴ መመለሷ ነበር። በእጇ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ፣ ከሱዳን የመጣ የብረት ሳህን ይዛለች። ገንፎው ይተናል፤ በመካከሉ ያለው ቅቤ በበርበሬ ቀልቶ ያብረቀርቃል።

“ጨው ይነሰው ይብዛው አላውቅም፤ ፍልሰታ ነው፣ አልቀመስኩትም” አለች ገና ከበሩ። “እንግዳ አለሽ እንዴ? ቁጭ በይ ልጀ፣ አትነሽ። ይች ደግሞ የማን ናት? እንደ ሰሊጥ አገዳ የቀጠነች!”

“ሩፊዳ ትባላለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው” አለች ዘሀቢያ። ሳህኑን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አደረገችና ማንኪያውን ይዛ ቆየች።

“ብይ እንጂ! ሲቀዘቅዝ ምን ሊሆንልሽ ነው?”

ዘሀቢያ ወደ ሩፊዳ ተመለከተች። ሩፊዳ ወደ መሬት ተመለከተች። ከዚያ ልጅቷ፣ ሐኪሙ ስለ ደሙ ቅባት ያለውን፣ ክኒኗ እንደ ቦይ መዝጊያ ምን እንደምትሠራና ስለምን መተው እንደሌለባት፣ ቀስ እያለች በትሕትና ነገረቻት። ታንጉት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች።

“ጨረስሽ?”

“አዎ እትዬ ታንጉት።”

“እንግዲህ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይን ግን አለኝ። ይች ሴት ከሆስፒታል ስትመለስ ነፋስ የሚወስዳት ነበረች። ያቆማት ምንድን ነው? የናንተ ክኒን ነው የኔ ቅቤ?”

“ሁለቱም ይሆናል። ያን ጊዜ ሰውነታቸው ተጎድቶ ስለነበር ማገገም ነበረባቸው። አሁን ግን አገግመዋል።”

“አያቶቻችን ቅቤ ሲጠጡ ኖሩ፤ ማን ሞተ?”

“አያቶቻችን ከአገር አገር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። የእትዬ ዘሀቢያ መንገድ ግን ከአልጋ እስከ ሱቅ ነው።”

“ኧረ ምላሷ! ዝምተኛ መስላኝ ነበር!” ታንጉት ሳቀች፤ ዘሀቢያም ሳታስበው አብራ ሳቀች። ለአንድ አፍታ ነገሩ በዚሁ የሚያልፍ መሰለ።

“ባለቤትዎ ትራክተር ነጂ ናቸው አሉኝ” አለች ሩፊዳ ድፍረት አግኝታ። “ናፍጣው ቆሻሻ ሲኖረው ምን ያደርጋሉ?”

“ማጣሪያውን ይፈታና ያጥባል። ሲዘጋጋበት ሞተሩ ይሞታላ።”

“የደም ሥርም እንደዚያው ነው። መጥፎው ቅባት በዓመታት ብዛት በሥሩ ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ ለልብና ለአንጎል የሚሄደውን ደም ያጠባል። ደግነቱ፣ ሳይጋገር በፊት መከላከል ይቻላል። ቅቤና ጮማ በመቀነስ፣ ጥራጥሬና አትክልት በማብዛት። እርስዎ ራስዎ አሁን ጾም ነዎት፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽንብራ ነው የሚበሉት። ደከሙ እንዴ?”

“እሰይ! ጾማችንንም አንች ልታስተምሪኝ? ያውም የሙስሊም ልጅ!” ታንጉት አሁንም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ቀጥኗል። “የኔ ጾም ለነፍሴ ነው። እሷ ታማሚ ናት። ለታማሚ ደረቅ ሽሮ ይዤ ብመጣ ሰው ምን ይለኛል? እግዜርስ ምን ይለኛል?”

“ግን እትዬ፣ ቅቤው እኮ ለእሳቸው ጉዳት ነው።”

ልጅቷ ቃሉን ያወጣችው በቅንነት ነበር። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሐሳቡ ሳይሆን እንዲህ ባለች አንዲት ቃል ነው፤ እውነቱን ይዞ ይመጣና የሚያስቀምጥበትን ቦታ ሳያይ ይጥለዋል።

ታንጉት ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። “ጉዳት? ሰው ሁሉ ሲሸሻት እኔ ጎዳኋት?” ወደ ዘሀቢያ ዞረች። “አንችም እንደዚህ ነው የምታስቢ?”

ዘሀቢያ ማንኪያውን እንደያዘች ወደ ሳህኑ አጎነበሰች።

“ይሁና” አለች ታንጉት። ሳህኑን ሳትወስድ በመጣችበት በር ወጣች።

በማግሥቱ ታንጉት አልመጣችም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጣችም።

ዘሀቢያ ከአጥሩ ማዶ የታንጉትን ድምፅ ትሰማለች፤ ዶሮ ስታባርር፣ ከባሏ ጋር ስትሟገት፣ ሙቀጫዋ ላይ የሆነ ነገር ስትወቅጥ። ድሮ ይህ ሁሉ ወደ እሷ የሚመጣ ድምፅ ነበር፤ አሁን የሚያልፍ ድምፅ ሆነ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጆሮዋ ወደ ጓሮው በር ይሄዳል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ጩኸት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ከዝናቡ ጋር ማንም እንዲመጣ አይጠበቅም።

ክኒኗን ግን ወሰደች። ለሩፊዳ የሰጠችው ቃል እስከ እሑድ ነበር፤ እሑድ አልፏል። ማታ ማታ ትንሿን ነጭ ክብ በመዳፏ ይዛ ታያታለች። “አንቺ ባትኖሪ ኖሮ” ትላታለች። ክኒኗ አትመልስም። ትውጣታለች። ውጣትም ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሩፊዳ ከሥራ ስትመለስ በሱቁ በኩል ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል።

“እትዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው?”

“አንቺ ምን አጠፋሽ? ልናገር የሚገባኝን አንቺ ነሽ የተናገርሽልኝ። እኔ አፍ አለኝ አይደል? ለኔ ሲሉ ሁለት ሰዎች ተጋጩ፤ እኔ ማንኪያ ይዤ ተቀምጬ አየሁ።”

ይህን ስትል የራሷ ቃል ራሷን አስደነገጣት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዘሀቢያ በሽታዋን አልደበቀችም፤ የደበቀችው ፍርሃቷን ነበር።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን ሳህን አወረደች። አጥባው ነበር፤ ግን እንዴት ትመልሰው? ጎረቤት ምግብ ያመጣበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ድሮ ተምር ወይም ስኳር ጣል ታደርግበት ነበር። ዛሬ ያ አልበቃት አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽንብራና ማሽላ ቀቀለች። ሱዳኖች በሊላ ይሉታል፤ ደገኛው ንፍሮ ይለዋል። ጨው ነሰነሰችበት፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋ ደባለቀችው፣ ሎሚ ጨመቀችበት። ከዚያ ቶቧን አስተካክላ በጓሮው በር ወጣች። ከታመመች ጀምሮ ሰው ወደ እሷ ይመጣል ወይም ይቀራል እንጂ፣ እሷ ወደ ሰው ደጅ ሄዳ አታውቅም። መንገዱ አጥሩን መዞር ብቻ ነው። እሷ ግን ድንበር እንደምትሻገር ሆና ነው የሄደችው።

ታንጉት ደጇ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየቻት፣ ደነገጠች፤ ግን ፊቷን መልሳ ወደ ምስሩ አደረገች።

“ምነው በእግርሽ መጣሽ? ልጅቷ መራመድ አዘዘችብሽ?”

“ሳህንሽን ይዤ ነው።”

“አስቀምጭው።”

ዘሀቢያ አላስቀመጠችውም። “ታንጉትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ አባርሪኝ። ከጎንደር የተመለስኩ ቀን ያቺን የካንሰር ክኒን ላልውጣት ቆርጬ ነበር። ለማላውቃት ልጅ አውቶቡስ ላይ ሰጥቻት ነበር።”

የታንጉት እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። “ለምን?”

“ቅባቱን ለመቀነስ ወይ እሷን መተው ነው ወይ ቅቤሽን መተው ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለቱን ሳመዛዝን፣ ክኒን አይቀየምም አልኩ። ሐኪሙ እንደዚያ አላለኝም፤ ከፍርሃቴ ያመጣሁት ነው።”

ታንጉት ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አወረደች።

“አንች ሴትዮ፣ እኔን ላለማስቀየም ብለሽ ልትሞች ነበር?”

“አንቺ ስትመጪ ነው ቀኑ ቀን የሚሆነው። ወላሂ፣ ቅቤውን አልነበረም የምጠብቀው። የምጠብቀው የበሩን መንኳኳት ነው።”

“ታዲያ ይህን አትነግሪኝም ነበር?”

“እንዴት ልንገርሽ? የምታመጪውን ካልበላሁ በምን ምክንያት ትመጪያለሽ?”

“በምን ምክንያት!” ታንጉት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጠርጋም ተቆጣች። “እኔ አንችን ለመቀለብ ነው እንዴ የምመጣው? ብቻሽን እንዳትበይ ብየ ነበር እኮ! ደግሞ እኔም ሞኝ ነኝ። ለታማሚ የማውቀው ፍቅር ቅቤ ብቻ ሆነና፣ ቅቤው ሲነካብኝ ፍቅሬ የተነካ መሰለኝ።” ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። “በይ እስቲ ቦዩን ድገሚልኝ። ያን ዕለት ተናድጀ በደንብ አልሰማሁትም።”

ዘሀቢያም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ስለ አረሙና ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ተዘጋው ቦይና ስለ ጣሳው፣ ከልጅቷ የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ለሌላ ሰው ስትናገረው ለራሷም የበለጠ ገባት። ታንጉት “እህ” እያለች ሰማች።

“እንዲህ ከሆነማ መቸስ” አለች በመጨረሻ፣ “አረም ላይ ውኃ የሚለቅ ገበሬ አላየሁም። ክኒኗን አትተያትም። ቅቤውን እኔ ራሴ እተውልሻለሁ። ይህ ምንድን ነው ያመጣሽው?” የሳህኑን መክደኛ አነሣች። “ንፍሮ! ቅቤ ነክቶታል?”

“አልነካውም። ዘይትም የለበትም።”

ታንጉት ሳህኑን አየች፤ ዘሀቢያን አየች። ሁለቱም አንድ ነገር በአንድ ጊዜ የታወሳቸው መሰለ። በዚያ ሁሉ የጾም ወራት ታንጉት ያመጣችውን ምግብ ዘሀቢያ ስትበላ ታንጉት ተቀምጣ ታያት ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሳህን ፊት፣ አንዷ ብቻዋን በላች፤ አንዷ ብቻዋን ተመለከተች።

“ቅዳሴ እስኪወጣ አይቀመስም” አለች ታንጉት። “ከሰዓት ነው። እስከዚያ ተቀምጠሽ ምስሩን አብረን እንልቀም።”

ዘሀቢያ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ሳህን በላች፤ ከሳህኑ ውስጥ ሌላም እጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከርር፣ አንዲት ነጠላ የለበሰችና አንዲት ቶብ የተከናነበች ሴት በአስፋልቱ ዳር ወደ ማሳዎቹ አቅጣጫ ሲራመዱ ይታያሉ። ታንጉት በጉዞው ሁሉ ታወራለች። ሩፊዳ ሥራ በማይኖርባት ቀን ከኋላ ትከተላቸዋለች፤ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ስትናገር ግን አሁን ቦታውን አይታ ነው። መንገድ ሊዘጋ ይችላል የሚል ወሬ ሲሰማም፣ የዘሀቢያ ክኒን ሳያልቅ ቀድሞ እንዲመጣ ያሰበችው እሷ ናት።

ታንጉት ደግሞ ያመነችውን ነገር በልቧ የምታስቀምጥ ሴት አይደለችም። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ቆማ ሴቶቹን ስትመክር ዘሀቢያ በጆሮዋ ሰምታለች፦

“እናንተ፣ ይህ በሽታ አይጋባም፤ እኔ ስንት ዘመን አብሬያት ስቀመጥ ምን ሆንኩ? የሚጋባው ዝምታችሁ ነው። ጡታችሁን ዳብሱ፤ እብጠት ካያችሁ ለጠንቋይ ሳይሆን ለሐኪም አሳዩ። ክኒን የታዘዘላችሁ ደግሞ፣ ሐኪሙን ሳትጠይቁ እንዳትተዉ። ‘የደሜ ቅባት እንዴት ነው?’ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠይቆ የተሰደበ የለም። ከፍ ካለ ቅቤና ጮማውን ቀንሱ፣ ንፍሮና ጎመን ብሉ፣ ተራመዱ። ታማሚ ለመጠየቅም ቅቤ አያስፈልግም። ባዶ እጅ ሂዱ፤ ሂዱ ብቻ!”

ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ሁለት ሦስቱ ግን በዚያ ሳምንት ወደ ዘሀቢያ ሱቅ መጥተው ከደጅ አልተመለሱም፤ ገብተው ተቀመጡ። ውኃም ጠጡ።

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ማሳው ባዶውን በቀረበት በኅዳር መጀመሪያ ላይ ዘሀቢያ ለምርመራ ወደ ጎንደር ወጣች። ዶክተሩ ውጤቱን ካለፈው ጋር አስተያየ። ቅባቱ ወርዷል፤ ገና የሚፈለገው ቦታ አልደረሰም። ምናልባት ቅባቱን ለብቻው የሚቀንስ ክኒን ሊጨምርላት ይችላል፤ ለጊዜው ግን በያዘችው ትቀጥል። የካንሰሩ ክኒን አይነካም። በዚህ ጊዜ ከኋላዋ ያለውን ወረፋ አላየችም፤ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ያልገባትንም ጠየቀች።

ስትመለስ ኡመይር አልደወለም። ቤቱ እንደተለመደው ጨለም ብሎ፣ የተዘጋ ሽታ ይዞ ጠበቃት። ቶቧን ገና ስታወልቅ የጓሮው በር ተንኳኳ።

ታንጉት ያንኑ ጠርዙ ሰማያዊ ሳህን ይዛለች። ገንፎ ነው። በመካከሉ ያለው ጉድጓድ ውስጥ የተልባ ጭማቂና በርበሬ እንጂ ቅቤ የለም።

“አንቺ፣ ዛሬ ጾም አይደለም እኮ” አለች ዘሀቢያ። “የነቢያት ጾም ገና አልገባም። ለአንቺ ፍስክ ነው።”

“ፍስክ ነው።”

“ታዲያ ለራስሽ እንኳ ቅቤ አታደርጊም ነበር?”

ታንጉት ሳህኑን በመካከላቸው አስቀመጠችና በርጩማውን ሳበች።

“ብቻየን ምኑ ይጣፍጠኛል?” አለች። “ነይ፣ ሳይቀዘቅዝ።”